ካርዱ ለመኪናው እንጂ ለሰው አይከፍልም

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመስከረም ትመጣለች። እናታችን ልጃቸውን በዓይናቸው ካዩ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሊሄዱ ተስለዋል። እኅቴም መኪና ተከራይታ ራሷ እየነዳች ልታደርሳቸው ትፈልጋለች። አንድ አከራይ ድርጅት አነጋግሬ ነበር፤ ከኪራዩ በተጨማሪ በየቀኑ የሚታሰብ የጉዳት ዋስትና ክፍያ ይጠይቃል። እኅቴ ግን ‹የክሬዲት ካርዴ ለኪራይ መኪና ኢንሹራንስ አለው፤ እሱን እንዳትከፍል› አለችኝ። በሌላ በኩል አንድ ደላላ የሰው የቤት መኪና በግማሽ ዋጋ አገኝላችኋለሁ ይላል። በሁለቱም በኩል ዋስ ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። የእኅቴን ካርድ አምኜ ልፈርም?»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፤ ዘጠኝ ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። እናታችሁንም ለስለታቸው ያብቃቸው። ወደ ጥያቄህ ልግባና ካርዷን ብቻ አምነህ አትፈርም። እኅትህ አልዋሸችህም፤ ያለችው ነገር በእርግጥ አለ። ነገር ግን እሷ ለምዳው የኖረችው አሠራር ደሴ ላይ ሲደርስ ብዙ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ባይበጠስ እንኳ አንተን እንቅልፍ ሊነሣህ የሚገባውን ትልቁን ዕዳ አይነካውም።

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ እንለየው። ብዙ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች የሚሰጡት ጥቅም የተከራዩትን መኪና አካል የሚመለከት ነው። መኪናው ቢጋጭ ወይም ቢሰረቅ አከራዩ ከተከራዩ የሚጠይቀውን የጥገና ወጪ ወይም የመኪናውን ዋጋ ይተካል። እዚያ ላይ ያበቃል። የተገጨ እግረኛ፣ የተሰባበረ ባጃጅ፣ የፈረሰ አጥር፣ የሞተ በሬ በዚህ ውስጥ የሉም። የተሳፋሪዎቹ ሕክምናም የለም። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው ቃል ግን ይህን ሁሉ ያካተተ ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለብዙ ዓመታት በመድን ሥራ፣ በካሳ ክፍል ነው የኖርኩት። ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስትወጣ ጉሙ እንዴት እንደሚወርድ ታውቀዋለህ። አንድ ከውጭ አገር የመጣ ሰው በተከራየው መኪና ያንን ዳገት ጨርሶ ደሴ ሊገባ ሲል ባጃጅ ገጨ። ቅን ሰው ነበር፤ አልሸሸም፣ ተጎጂውን ራሱ ሆስፒታል አደረሰ። በማግሥቱ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ አገኘሁት። የመኪናው ፓራውልት ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ኮፈኑ ተጣጥፏል። እሱ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አሜሪካ ካለው የካርዱ ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገራል። ሴትየዋ ረጋ ባለ ድምፅ «ኪራዩን የከፈሉት በዚሁ ካርድ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ከኪሱ ደረሰኙን አወጣ። በእጅ የተጻፈ፣ በካርቦን የተገለበጠ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቅጠል ነበር። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው። በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ስምም የእሱ ሳይሆን ቀድሞ የተዋዋለለት የአጎቱ ልጅ ስም ነው። ጥሪው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ባለ ባጃጁ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ንግግር ስለ እሱ የጠየቀ አልነበረም፤ የካርዱ ውል እሱን አያውቀውም። ያንን ሰው ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ደረሰኙን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲመልስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። የካርዱ ጥቅም የተሠራው በሰንሰለት ስለሆነ ነው፤ አንዷ ቀለበት ከተፈታች ሁሉም ይወድቃል። ኪራዩ በሙሉ በዚያው ካርድ መከፈል አለበት። ዋናው ተከራይ ሆኖ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ስም የባለ ካርዷ ስም መሆን አለበት። መሪ የሚይዝ ሌላ ሰው ካለ እሱም በውሉ መመዝገብ አለበት። መኪናው ከሕጋዊ አከራይ ድርጅት መሆን ይኖርበታል። አሁን ይህን ወደ እኛ አምጣው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና የሚያከራዩት በአብዛኛው የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ዝውውር ነው። እኅትህ ከመምጣቷ በፊት መኪናውን ለመያዝ ቀብድ የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ውሉንም በስምህ ልትዋዋል ትችላለህ። ለእሷ ብለህ በቅንነት የምታደርገው ይህ ነገር ሰንሰለቱን ገና እሷ አውሮፕላን ሳትሳፈር ይበጥሰዋል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ሌላ ቅድመ ሁኔታ ነው። የካርዱ ጥቅም እንዲሠራ ተከራዩ አከራዩ የሚያቀርበውን የጉዳት ዋስትና አልፈልግም ብሎ መተው አለበት። እኅትህ «እንዳትከፍል» ያለችህ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከእሷ አገር አንጻር ትክክል ናት። እዚህ ግን ያንን ትተህ ካርዱ ሳይሠራ ቢቀር በመካከል ባዶ እጅህን ትቀራለህ። አንዱን ዋስትና በፈቃድህ ትተኸዋል፤ ሌላው ደግሞ በደረሰኝ ምክንያት አልተቀበለህም። በዚያን ጊዜ አከራዩ ዞሮ የሚያየው ዋሱን ነው።

የመንገዱም ነገር አለ። እነዚህ የካርድ ውሎች ከመንገድ ውጪ በመንዳት የደረሰን ጉዳት አይከፍሉም፤ የኪራይ ውሉን በመተላለፍ የደረሰንም እንዲሁ። አንዳንድ አከራዮች በውላቸው ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላሉ። ግሸን ደግሞ ገደላማ መንገድ ነው፤ አስፋልት ያልለበሰውን ክፍል ሲወጡ ድንጋይ ሥሩን ቢመታውና የሞተሩ ዘይት ቢፈስ፣ ውሉ አይፈቅድም ከተባለ አከራዩም ካርዱም እጃቸውን ይሰበስባሉ። ስለዚህ የኪራይ ውሉ ላይ መድረሻው «ግሸን ማርያም» ተብሎ በስሙ ይጻፍ። «ወሎና አካባቢው» የሚል አይበቃም።

ጦርነትና ሕዝባዊ ሁከት ያደረሱት ጉዳትም ከካርዱ ጥቅም ውጪ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት መኪና እንደጠፋና እንደተቃጠለ እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም። እዚህ አገር መድን ድርጅቶች ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በተጨማሪ ክፍያ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ይሸጣሉ። አከራዩ ለመኪናው ገዝቶት እንደሆነ ጠይቅ። ካልገዛ እንዲህ ያለው ጉዳት በማን እንደሚታሰብ ውሉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር፤ መኪናው ጋራዥ የሚቆምባቸው ቀናት። እኛ አገር መለዋወጫ ተፈልጎ እስኪገኝ ሳምንታት ይሄዳሉ፤ አከራዩም በእያንዳንዱ ቀን ያጣሁትን ገቢ ክፈሉኝ ይላል። ይህ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ካርዶቹ ይህን የሚተኩት አከራዩ መኪኖቹ በየቀኑ መከራየታቸውን በመዝገብ ካሳየ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት መኪና ያለው አከራይ እንዲህ ያለ መዝገብ ከየት ያመጣል? ከመፈረም በፊት የሚቆምባቸው ቀናት ቁጥርና የቀኑ ሒሳብ ጣሪያ ይበጅላቸው።

አሁን ትልቁ ዕዳ ወዳልኩት ልምጣ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ምልክቱም መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ይህ መድን የተጎዳን ሰው የሚክስ ነው፤ ግን ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ያለውን ካሳ ፍርድ ቤት ከወሰነ ከሰው ኪስ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ከፍሎ ዝም አይልም፤ ወደ ነዳችው ሰው ይመለሳል፤ እሷ አሜሪካ ከገባች ደግሞ ወደ ዋሷ። ለዚህ መድኃኒቱ የካርድ ስልክ ቁጥር አይደለም። መኪናው ከግዴታው በላይ የሆነ የሦስተኛ ወገን ሽፋንና ሙሉ ዋስትና ያለው መሆኑን በዓይንህ ማየት ነው። የመድን ውሉን ቅጂ ጠይቅ። ለማሳየት የሚያቅማማ አከራይ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

ደላላው ያመጣልህን መኪና ተወው። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምልህ። በለመድነው የታርጋ አሠራር ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፤ ኮድ 3 የንግድ ነው። የቤት መኪና መድን የሚገዛው ለግል አገልግሎት ተብሎ ነው፤ አረቦኑም (የመድን ክፍያው) በዚያው ልክ ነው የሚታሰበው። መኪናው ተከራይቶ አደጋ ቢያደርስ መድን ድርጅቱ «እኔ የገባሁት ውል ለኪራይ አይደለም» ብሎ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። በካሳ ክፍል ስሠራ ፋይሉ ላይ ይህን ጥያቄ ሳንጽፍ አናልፍም ነበር፤ አደጋው ሲደርስ መኪናው ለምን አገልግሎት ላይ ነበር? ያን ጊዜ ባለቤቱ «ዘመዶቼ ናቸው፣ እንዲሁ አውሼያቸው ነው» በሉልኝ ብሎ ይለምናል፤ አንተና እናትህ ፖሊስ ፊት ሐሰት እንድትናገሩ ትገደዳላችሁ። የእኅትህ ካርድም ከግለሰብ የተወሰደን መኪና እንደ ኪራይ አይቆጥረውም። ግማሽ ዋጋ የሆነው የቀረው ግማሽ በአንተ ትከሻ ላይ ስለተጫነ ነው።

ዋስ ሆነህ ስለመፈረምህ ደግሞ በደንብ አንብበኝ፤ የልጆችህን ነገር ስለጻፍክልኝ ከልቤ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት የለውም ይላል። ስለዚህ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልህ መጠኑ በፊደልም በአኃዝም እንዲጻፍ ጠይቅ። የብሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ሳለ አትፈርም፤ በኋላ ማን ምን ቁጥር እንደሚሞላበት አታውቅም። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ሐረግ ፈልግ። እሷ ካለች አከራዩ እኅትህን ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተን መክሰስ ይችላል። አትስማማ። ከተቻለ ደግሞ በአንተ ዋስትና ፈንታ እኅትህ የተወሰነ ገንዘብ በማስያዣነት ታስቀምጥ፤ ሲመለስም በምን ያህል ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ። እሷ ዶላር አላት፤ አንተ ደመወዝህና ቤትህ ነው ያለህ። ይህን ለእኅትህ መንገር ነውር አይደለም፤ እንደ አንተው የምታስብልህ እኅት ናት።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ከነሹፌሩ እከራይ ነበር። ሹፌሩ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው፤ በመኪናው መድን ላይ የታወቀ ነው፤ የአምባሰልን መታጠፊያዎች በልቡ ያውቃቸዋል። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚጎርፈውን አውቶቡስና አይሱዙ እያሰብክ ዘጠኝ ዓመት በሰፊ መንገድ የነዳችን ሰው በዚያ ገደል ላይ አታስቀምጣት። እናታችሁ የተሳሉት ልጃቸውን አይተው ግሸን ለመድረስ ነው፤ መሪውን ማን እንደያዘ በስለቱ ውስጥ የለም። በእርግጥ ከነሹፌር ሲሆን የካርዱ ጥቅም አብሮ ይቀራል፤ እሱ የተሠራው ራሱ ለሚነዳ ተከራይ ነው። ግን ያኔ አያስፈልጋችሁም።

እኅትህ መንዳት ከፈለገች ሌላ ቀን ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን አስፋልት አለላት፤ እናቷን ከጎኗ አስቀምጣ ትንዳ። ለዚያችም ቢሆን ስሟ በውሉ ላይ በተጨማሪ ሹፌርነት ይግባ፤ መንጃ ፈቃዷም እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን ከመምጣቷ በፊት በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አረጋግጥ። የውጭ መንጃ ፈቃድ ሳይቀየር ወይም ሳይረጋገጥ መሪ መያዝ ለመድን ድርጅትም ለካርዱም ላለመክፈል በቂ ምክንያት ነው።

ካርዱን ጨርሳ ትጣለው አላልኩም። ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ትደውልና መልሱን በኢሜይል በጽሑፍ ትቀበል፤ የስልክ ቃል ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንም። ኢትዮጵያ በሽፋኑ ውስጥ ናት? አንዳንዶቹ አገሮችን በስም ያስወጣሉ፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርዶች ለምሳሌ አውስትራሊያን፣ ጣሊያንንና ኒው ዚላንድን አያካትቱም። የጠጠር መንገድ ይሸፈናል? በአማርኛ የተጻፈ የፖሊስ ሪፖርት ይቀበላሉ ወይስ ሕጋዊ ትርጉም ይፈልጋሉ? ደግሞም ጥቅሙ ዛሬም መኖሩን ትጠይቅ። ካርድ ከሚያወጡት የአሜሪካ ድርጅቶች ዲስከቨር በ2018፣ ሲቲ ባንክ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ጥቅም ከካርዶቻቸው አንሥተዋል፤ ሲቲ ከአብዛኞቹ። ካርዷን ስታወጣ የተሰጣት መግለጫ ጽሑፍ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ ሊያታልላት ይችላል።

መኪናውን ስትረከቡ አትቸኩሉ። ስልክህን አውጣና ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጽ፤ ፓራውልቱን፣ ስፖኪዮውን፣ አራቱንም ጎማና ቸርኬ፣ ተቀያሪውን ጎማ፣ ክሪኩን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን። መስታወቱ ላይ የተለጠፉትን የቦሎና የሦስተኛ ወገን ቀኖች አስጠግተህ አንሣ፤ ታርጋው ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን እይ። ያለውን ጭረት በርክክብ ቅጹ ላይ አስጽፍ፤ «ይህማ ምን አላት» ቢልህም አስጽፍ።

አደጋ ቢደርስ፣ እግዚአብሔር ያውጣችሁና፣ የተጎዳ ሰው ካለ እሱን ማዳን ይቀድማል። ከዚያ በቀር ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ሳያነሣ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅ። ወገን መጥቶ «በሽምግልና እንጨርሰው፣ ፖሊስ ምን ያደርጋል» ይላል፤ ወሎ ላይ ሽምግልና የከበረ ነገር ነው፤ እርቁ ይቅደም፤ የፖሊስ ሪፖርቱ ግን አይቅር። ያለ ሪፖርት የአገር ውስጥ መድንም አይከፍልም። አከራዩን በዚያው ቀን አሳውቁ። እኅትህ ካርዷን ልትጠቀም ካሰበች እሷም በዚያው ቀን ትደውል። በብዙ የቪዛ ካርዶች የማሳወቂያው ገደብ 45 ቀን ነው፤ ግን የጋራዡን ፕሮፎርማ፣ የጥገናውን የመጨረሻ ደረሰኝ፣ የፖሊሱን ሪፖርትና ትርጉሙን አሰባስቦ መላክ ከዚህ ሆኖ ጊዜ ይፈጃል። ከሄደች በኋላ ደግሞ እነዚህን ወረቀቶች የሚያሳድደው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ያለቀው ይለቅ።

የአከራዩ ውል በእጅህ ሲገባ የዋስትናውን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከመፈረምህ በፊት አየዋለሁ። ለእናታችሁም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።